ጋሽ ገመዳ ያቃኑት ጀርባ

የናዝሬት ነፋስ ሲነሳ ጋሪን ከነፈረሱ አንስቶ ወለንጪቲ ላይ ያሳርፋል ይባላል። ይህ ውሸት ነው፤ ፈረሱ ብቻ ነው ወለንጪቲ የሚያርፈው፣ ጋሪው መተሐራ ይደርሳል። እንዲህ ባለች ከተማ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው። ቀጥ ብለው የሚሄዱ ቢኖሩ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የሚኖሩት ጋሽ ገመዳ ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ገመዳ የመንገድ ሥራ ዳምጠው ነጂ ነበሩ። ቻይኖቹ ወሎን ከጎንደር የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠሩ እዚያ ተቀጥረው፣ ያ ብረት ሲያንቀጠቅጣቸው ውሎ ሲያንቀጠቅጣቸው ከርሞ ወገባቸውን እንደ ደረቀ ዳቦ ፈረካከሰው። ሠራተኞቹ «ጋሽ ዋንግ» የሚሉት አንድ ሽማግሌ ቻይናዊ መካኒክ አዘነላቸው። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ ስላልነበረ በምልክት አስተማራቸው። ጠዋት እግርን አጣጥፎ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ ምንም ሳያስቡ ዝም ብሎ መቀመጥ። ይህ አልከበዳቸውም። በዚያ ዘመን ከባዱ ማሰብ ነበር።

ዋናው ነገር ከመቀመጡ በኋላ የሚመጣው ነው። አየር እያስወጡ አገጭን ወደ ደረት፣ ከዚያ አንገትን፣ ከዚያ አከርካሪን አጥንት ካጥንት እያስከተሉ ማጎንበስ። አየር እየሳቡ ደግሞ ከታች ጀምሮ፣ ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደሚያኖር፣ አጥንትን በአጥንት ላይ እየደረደሩ መነሳት። በግድ አይደለም፤ ድመት ከእንቅልፏ ስትነሳ እንደምትፍታታው ነው። ጋሽ ገመዳ ወገባቸው ድኖ፣ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብለው ወደ ናዝሬት ተመለሱ።

ነገሩን ጓሯቸው ካለው ፓፓያ ሥር ማድረግ ሲጀምሩ ሰፈሩ ታወከ። አንዱ ለዛፍ ይሰግዳሉ አለ። ሌላው ጠላ ያዞራቸዋል አለ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ሰብስቤ ግን ነገሩን በፖለቲካ ዓይን ስለሚያዩ ሽጉጣቸውን ታጥቀው መጡ።

«ጓድ ገመዳ፣ ይሄ እንቅስቃሴ ከየትኛው ጎራ ነው?»

«ከወገብ ጎራ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ከቻይና የመጣ ነው ይባላል። ቻይና ደግሞ...»

«እርስዎም ወገብዎን ያዝ አድርገው ነው የመጡት እኮ። ስብሰባው በዛ መሰለኝ።»

ጓድ ሰብስቤ ግራ ቀኙን አዩ። ከዚያ ሽጉጣቸውን ፈተው ፓፓያው ግንድ ላይ አንጠለጠሉ። በሳምንቱ የወገብ ሕመሙ ለቀቃቸውና ስብሰባዎቻችን በእጥፍ ረዘሙ።

ጋሽ ገመዳና ሚስታቸው እትዬ ዘመናይ ቀነዓ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ አንድ ለእናቱ። ሥራው የእህል ጆንያ መስፋት ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ ስለኖረ ጀርባው እንደ ማጭድ ታጠፈ። ሰው ሰላም ሲለው መጀመሪያ የሚያውቀው የሰውየውን ጫማ ነው።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ የመጀመሪያው ዙር ሲመለመል ቀነዓም ተጠራ። ጓድ ሰብስቤ ገና ከሩቅ ሲያዩት ሳቁ። «ይሄ ለጦር ሜዳ ሳይሆን ለካፖርት መስቀያ ነው የሚሆነው! ውሰዱልኝ!» ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ።

እትዬ ዘመናይ እልል አሉ። ጋሽ ገመዳ ግን ልጃቸው አንገቱን ደፍቶ፣ ማለት ከወትሮውም በላይ ደፍቶ፣ ወደ ቤት ሲሄድ አዩት። ያ ሳቅ አላስተኛቸውም።

«አቃናዋለሁ» አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ እግዜር የደበቀልኝን አውጥተህ ልታሰጣብኝ ነው?» አሉ እትዬ ዘመናይ። «ጎባጣም ቢሆን ቤቴ ነው ያለው።»

«ጎርፉ አልፏል፣ ዘመናይ። ምልመላው አንዴ ሄደ እኮ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ የናዝሬት ሰዎች ጎርፍ በየዓመቱ እንደሚመጣ እያየን፣ ባለፈ ማግስት ወንዙ ዳር ቤት የምንሠራ ሰዎች ነን።

አባትና ልጅ ጠዋት ጠዋት ፓፓያው ሥር ይቀመጣሉ። ጸጥ ይላሉ። ከዚያ ጋሽ ገመዳ እጃቸውን ልጁ ወገብ ላይ ያሳርፉና «አየር ሳብ፣ ያ ኢልመ ኮ» ይላሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። ቀነዓም አየሩን እየሳበ ጥቂት ይነሳል። ክረምት ገባ፣ ወጣ። ቀነዓ መጀመሪያ የሰውን ጉልበት፣ ከዚያ ቀበቶ፣ ከዚያ ፊት ማየት ጀመረ። ሻይ ቤት ገብቶ ዓይን ዓይናችንን እያየ ሲስቅ፣ ለካ መልከ መልካም ነው! በዚያው ሳምንት ሦስት ቤተሰብ ሴት ልጁን ጆንያ እንድታሰፋ ላከ፤ አንዱ ቤት እህል እንኳ አልነበረውም።

ከዚያ ሁለተኛው ዙር ታወጀ።

ጋሽ ገመዳ ያን ዕለት ፓፓያው ሥር ሲያስተምሩ የሰማኋቸው ሌላ ነገር ነበር። «ጎንበስ በል። አይ፣ እንደ ድሮው። ትከሻህን ጣለው እንጂ!»

«እንቢ ይለኛል፣ አባዬ።»

«መኪናው ላይ እንዳለህ አስብ።»

ጎንበስ ብሎ ይቆይና አየር ሲስብ ጀርባው በራሱ ይነሳል። እትዬ ዘመናይ ጆንያ ተሸክሞ እንዲያድር አደረጉት። ጠዋት ጆንያውን ሲያወርዱለት እንደ ቄጠማ ቀና አለ።

ምርመራው የሚደረገው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ወላጅና ጎረቤት መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለናል። ቀነዓ እንደ ምንም ታጥፎ ገባ። እውነትም ማጭድ መሰለ። ሐኪሙ የደከመው ሰው ነው፤ ቀና ብሎ አየውና ሊያሰናብተው እጁን አነሳ። እትዬ ዘመናይ ነጠላቸውን ነከሱ። ግን ሐኪም ልማድ አለበት። ማዳመጫውን ጀርባው ላይ አሳረፈና፣

«አየር ሳብ» አለው።

ቀነዓ ሳበ።

ከታች ጀመረ። አጥንት በአጥንት ላይ እየተደረደረ፣ ቀስ እያለ፣ ያለ ግድ፣ ጋሽ ዋንግ እንኳ ቢያየው እስኪኮራ ድረስ ተነሳ። ጭንቅላቱ መጨረሻ ላይ ቀና አለና ዓይኑ መስኮቱ ላይ ያሉትን አባቱን አገኘ።

ጓድ ሰብስቤ አጨበጨቡ። «ጓድ ገመዳ፣ እጅዎ ይባረክ! ለእናት አገር አንድ ወታደር ከጎባጣ ሠሩ!» ይህን ሲሉ ከልባቸው ነበር፤ ምጸት የሚያውቁ ሰው አይደሉም።

ቀነዓ ወደ ሰሜን ተጫነ። ዓመት አለፈ። ከዚያ አብሮት የሄደ አንድ የሞጆ ልጅ፣ አንድ እግሩን እዚያው ትቶ፣ በክራንች እየተንቋቋ መጣ። ፓፓያው ሥር አስቀመጡት። ውሃ ሰጡት፤ አልጠጣውም።

«ምሽጉ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቀና ያለ ይመታል» አለ። «ሁላችንም ጎንበስ ብለን ነው የምንሄደው። እሱም ይጎነብሳል። ግን ጠዋት ጠዋት ዓይኑን ጨፍኖ የመቀመጥ ልማድ ነበረው...»

ቀሪውን ጋሽ ገመዳ ራሳቸው ጨረሱለት። «አየር ሳበ?»

የሞጆው ልጅ መሬት መሬት አየ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ጋሽ ገመዳ ጠዋት ጠዋት ይቀመጣሉ። መቀመጡን አልተዉም፤ መፍታታቱን ነው የተዉት። ጀርባቸው ተመልሶ ታጠፈ፤ እኛ ሻይ ቤት ያለን ሰዎችም ሰላም ስንላቸው ጫማችንን ነው የሚያዩት። አንድ ቀን ጓድ ሰብስቤ ወገባቸውን ይዘው መጡ።

«ጓድ ገመዳ፣ ያ እንቅስቃሴ ጠፋብኝ። ስንነሳ እንዴት ነበር?»

ጋሽ ገመዳ ዓይናቸውን አልገለጡም። «እኔም ጠፋብኝ» አሉ።

እትዬ ዘመናይ ከጓዳ ወጥተው ባላቸውን በሁለቱ ብብታቸው ይዘው አነሱ። ሙሉ በሙሉ ግን አላነሷቸውም። እንደታጠፉ፣ በዝግታ፣ ወደ ቤት አስገቧቸው።