ዲሽ ሳዞር ያለቀ ጥቅምት

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ያን ጥቅምት ቦንጋ ውስጥ የቀለደብኝ ሰው ሁሉ ቀልዱን የሚጀምረው ከዚህ ስለነበር ነው። መምህራን ክፍል ስገባ "ስለ ሞገድ ያስተምራል፣ አንድ ዲሽ ግን አቃተው" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ አቅቶኝ ነበር።

ዲሹን የገዛሁት ለእናቴ ነው። አባቴ ሲሞት፣ እህቴም ትዳር ይዛ ስለወጣች፣ ብቻዋን እንዳትቀር ብዬ ከደብረ ታቦር አመጣኋት። እኔ ትምህርት ቤት ስውል ከማን ጋር እንደምታወራ ግን አላሰብኩበትም። ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው። እርስ በርሳቸው የሚጫወቱት በካፊኖኖ ነው፤ እሷ ስትመጣ ወደ አማርኛ ይቀይሩላታል፣ ትንሽ ቆይቶ ጨዋታው ወደ ቦታው ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው፤ ጭቃውን ጉልበቷ አልቻለውም። የቀራት ቴሌቪዥን ነበር። ማታ ማታ ጸሎት የሚያስተላልፈውን ቻናል ትከፍትና ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ትሰማለች።

ጥቅምት በገባ በሳምንቱ ቴሌቪዥኑ "ሲግናል የለም" አለ። እናቴም "እስከ ኅዳር ሚካኤል ልየው" አለችኝ። "ካልሆነ አገሬ ስደደኝ ልጄ። ግድግዳ ሳይ መዋል አልችልም።" እናቴ አንድ ጊዜ ያለችውን አትደግምም፣ ይህንንም አልደገመችውም።

ዲሹ የቆመው ከቤቱ ጓሮ፣ ወገብ የሚደርስ የብረት ቋሚ ላይ ነው። ሳተላይቱ ያለው በምሥራቅ በኩል፣ ከአናታችን ብዙም ሳይርቅ ስለሆነ ዲሹ ሰማይ ሰማዩን እያየ በጀርባው ሊተኛ ትንሽ ነው የቀረው። ከሥራ እንደተመለስኩ ኪያቬ ይዤ ብሎኑን አላላለሁ። እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጣለች። ድምጿ ስለማይሰማ አከራያችን እትዬ በር ላይ ቆመው ቃል ያቀባብሉናል።

"ስንት ሆነ?"

"ኳሊቲ ዜሮ ነው ይላሉ፣ ቲቸር!"

ጥፍር ታህል ወደ ግራ እገፋለሁ።

"አሁንስ?"

"አርባ! አርባ አምስት! ... ውይ፣ ጠፋ!"

"ምን ሆኖ ጠፋ?"

"እኔ ምን አውቄ? የነኩት እርስዎ!"

በዚህ መሃል ዝናቡ ይመጣል። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ ሰው ይጨርስ አይል። አናቴ ላይ እየወረደ፣ ኪያቬው ከእጄ እያመለጠ፣ አንዳንዴ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ምስሉ ይመጣል። እናቴ ትመርቀኛለች፣ እኔም ልብሴን ቀይሬ በኩራት እራቴን እበላለሁ። በማግስቱ ስመለስ ዜሮ ነው።

ይህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀጠለ። ከዲሹ ፊት የምትቆመውን ዓይን፣ ኤልኤንቢዋን ቀየርኩ። ኬብሉን ቆርጬ እንደገና አሰርኩ። ሪሲቨሩን ከባልደረባዬ ተውሼ ሞከርኩ። ከገበያ በኩል ዲሽ የሚሠራ ሰው አመጣሁ፤ በመሣሪያው ለክቶ፣ ብሎኑን እስኪጮህ አጥብቆ፣ "ቲቸር፣ እንግዲህ ይሄ ሰው ካልነካው አይንቀሳቀስም" አለኝ። በማግስቱ ተንቀሳቀሰ። ደውዬ ስነግረው ሰው ነክቶታል አለ። ማን ይነካዋል ብዬ ጮህኩበት።

ከዚያ በኋላ አብዷል ብትሉኝ አልከራከርም። ላሟ ስትታከክበት ነው ብዬ እትዬን ተቆጣኋቸው፤ ላሟን ወስደው ማዶ አሰሯት። ዲሹ ግን ያው ነው። ቀጥሎ የአቮካዶው ቅርንጫፍ ከልሎት ነው አልኩ። ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ነበር። እያመማቸው አስቆረጡልኝ። አሁንም ያው ነው። የሴትዮዋን ዓይን ማየት አፈርኩ።

አንድ ሐሙስ ያረምኩትን የፈተና ወረቀት ረስቼ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ተመለስኩ። መብራት ጠፍቷል፣ ፀሐዩ ግን ደማቅ ነው። እናቴ ቤት የለችም። ጓሮ ዞርኩ።

ዲሹ ላይ ቀይ የኮረሪማ ፍሬ ሞልቷል። እናቴ ክርኗን ጠርዙ ላይ አስደግፋ አንድ በአንድ ታገላብጣለች። በተደገፈችው ቁጥር ዲሹ ወደ እሷ ዘመም ይላል።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ኮረሪማ እያሰጣሁ።"

"ዲሹ ላይ?"

"መሬቱማ ርጥብ ነው፣ ዶሮውም አለ። ይሄ ንጹሕ ነው፣ ፀሐዩንም ቀጥ ብሎ ያገኛል። ዝናብ ሳይመጣ አነሳዋለሁ።"

"ማታ ማታ የሚጠፋው እኮ በዚህ ነው!"

"እኔ መቼ አዞርኩት? ላዩ ላይ ነው ያሰጣሁት። ደግሞ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት አይደለም። ቀን፣ መብራት በሌለበት፣ ይሄ ምን ሥራ አለው?"

ጮህኩ። የሰው ላም አሳሰርኩ፣ የሰው ዛፍ አስቆረጥኩ፣ የሰው መሳቂያ ሆንኩ አልኳት። በእናቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ኮረሪማውን በእጇ እንደያዘች ሰማችኝ። ሲደክመኝ ጊዜ፣ ለእኛ ወጥ እፍኝ ይበቃናል፣ ይህን ሁሉ ምን ልታደርጊው ነው ብዬ ጠየቅኳት።

"ለእህትህ ነው። ለአገሬ ጎረቤቶቼም። ከዚህ ሁሉ አገር ባዶ እጄን ልግባ?"

"ኅዳር ሚካኤል እኮ ገና ነው። ልየው አላልሽኝም?"

ጎንበስ ብላ የወደቀች ፍሬ አነሳች።

"መቼ ነው ማስጣት የጀመርሽው?"

"መስቀል እንዳለፈ" አለች። "መጀመሪያ በሰፌድ ነበር፤ ሲበዛብኝ ጊዜ ነው ወደዚህ ያመጣሁት።"

ቀኑን ቆጠርኩት። መስቀል እንዳለፈ ቴሌቪዥኑ በደንብ ይሠራ ነበር። ቆማ ጸሎቷን እየሰማች፣ እኔም ለመደች ብዬ ደስ እያለኝ፣ እሷ የመንገዷን ታዘጋጅ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ድምፄ እንደ ልጅ ሆነብኝ።

"ልነግርህ ስል ዲሹ ተበላሸ" አለች፣ አንዷን ፍሬ እያገላበጠች። "በዚያ ዝናብ ለእኔ ብለህ ስትለፋ ሳይህ፣ አንጀቴ እንቢ አለኝ።"