መካን ያላየው የመካ ቧንቧ ሠሪ

ጅዳ ሳፋ ሰፈር ውስጥ ውብሸትን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ትናንት የመጣ ነው። ሰውየው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ታክሲ ውስጥ ሲገባ ሁሉም መስኮት ይከፈትለታል፤ ለክብሩ እንዳይመስላችሁ። ሥራው ናፍጣን ከታንከር ወደ ውሃ ማሞቂያ የሚያደርስ ቱቦ መዘርጋት ነው። መጀመሪያ ሲነግረኝ «በዚህ አገር ውሃ የምታሞቀው ፀሐይዋ አይደለችም እንዴ?» ብዬ ስቄበታለሁ። ለካ ትልልቅ ማረፊያ ቤቶች ያለ ናፍጣ ማሞቂያ አይሆንላቸውም።

ከፊል የሚሉት አሠሪው ቱርኪ የሚያመጣው ሥራ ግማሹ መካ ነው። ውብሸት ደግሞ ማተቡ ከሸሚዙ ሥር የተቀበረ ክርስቲያን ስለሆነ መካ አይገባም። ስለዚህ ሳፋ ባለው ወርክሾፕ ቱቦውን ቆርጦ፣ ጥርስ አውጥቶ፣ ቁጥር ይጽፍበታል። መካ ተወልዶ ያደገው የወሎ ሰዎች ልጅ ሙኒር በፒክአፕ ወስዶ ይገጥመዋል። የቀረውን በስልክ ቪዲዮ ይጨርሱታል። ውብሸት የመካን ምድር ቤቶች በሙሉ ያውቃቸዋል፤ መካን ግን አያውቃትም።

ዘንድሮ ሐጅ ሲቃረብ መካ ዓዚዚያ ሰፈር የሚገኝ አንድ የሐጃጆች ማረፊያ ያዙ። ቱርኪ ሳይቀመጥ ተናገረ። «ሐጃጆቹ ሐሙስ ይገባሉ። ሙቅ ውሃ ከሌለ ኮንትራቱ ኸላስ፣ አበቃ። ያንተም ኢቃማ ኸላስ፤ አላድሰውም።» ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል። ጎንደር ያሉ ሁለት ልጆቹ የሚማሩት በዚያች ካርድ ነው።

ማሞቂያው ሁለት ቱቦ አለው፤ አንዱ ናፍጣ ያመጣል፣ ሌላው የተረፈውን ወደ ታንከሩ ይመልሳል። ውብሸት በመመለሻው ላይ ማህበስ የሚሉትን መዝጊያ አስገጠመ። «ለጥገና ይመቻል ብዬ ነው» ይላል፤ ዛሬም ሲናገረው ፊቱ ይቀላል።

ረቡዕ ጠዋት ማሞቂያው ተነሣ፣ ውሃው ፈላ፣ ሙኒርም ሊበላ ወጣ። ከሰዓት በኋላ እኔና ውብሸት ወርክሾፑ ውስጥ ሽሮ ቀርቦልን ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ ሙኒር ነው።

«ጋሽ ውብሸት! ናፍጣ! ወለሉ ሙሉ ናፍጣ ሆኗል!»

ጉርሻው ከእጁ ወደቀ። «እሳቱን አጥፋ!»

«አጥፍቻለሁ!»

«ከታንከሩ የሚመጣውን ዝጋ! ፎቅ ላይ ሰው አለ?»

«ቀድመው የገቡ አርባ ሐጃጆች አሉ!»

ከዚያ በስልኩ የሙኒር ሩጫ ብቻ ይሰማ ጀመር። እኔ ውብሸትን ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ፊቱ አመድ ሲመስል አይቼ አላውቅም። «አርባ ሰው» ይላል፣ «አርባ ሰው» ይላል።

«ዘጋሁት» አለ ሙኒር በመጨረሻ እያለከለከ። «አልተቀጣጠለም፤ አልሐምዱሊላህ።»

«መመለሻው ላይ ያለውን ማህበስ አሳየኝ።»

ሙኒር ስልኩን አዞረ። እጀታው በቱቦው ላይ አግድም ተኝቷል፤ ጥርቅም ብሏል።

«ማነው የዘጋው?»

«ወላሂ እኔ አልነካሁም!»

ከኋላው የሕንፃው ጠባቂ አብዱረሺድ ብቅ አሉ። ሠላሳ ዓመት ውሃ በቦቴ የሚመጣለትን ሕንፃ ሲጠብቁ ኖረው፣ ክፍት መዝጊያ ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። «እኔ ነኝ» አሉ። «ክፍት ትታችሁት ሄዳችሁ። ውሃ ዝም ብሎ የሚፈስ መሰላችሁ?»

«ዓሚ፣ ውሃ እኮ አይደለም!» አለ ሙኒር ሽማግሌውን።

«ታዲያ ማን ነገረኝ?»

ናፍጣው መመለሻ ሲያጣ የፓምፑን ማሸጊያ ጎሚኒ በጥሶ ወጥቷል። ነገሩ ይኸው ነው። ለካ አንዲት እጀታ ሕንፃ ልታነድ ትችላለች።

ቱርኪ ወሬው ደርሶት እየበረረ ወርክሾፑ መጣ። «ያላ፣ መኪና ውስጥ ግባ! ሄደህ አንተ ራስህ ትሠራዋለህ።»

«አልችልም።»

«ደግሞ ወገብህን ልትል ነው? መካ ባልኩህ ቁጥር ወገብህ ነው!»

ውብሸት ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሽሮው አየሁ።

«ወገቤ ደህና ነው» አለ። «ክርስቲያን ነኝ።»

«ማን?»

«እኔ።»

ቱርኪ የቀለም ባልዲ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «አንተ ግን ትጾማለህ! በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ረቡዕና ዓርብ።»

«የሱናው ጾም ሰኞና ሐሙስ ነው፤ ይሄ ምስኪን ቀኑ ተምታቶበት ነው ብዬ እናቴን ዱዓ አስደርጌልሃለሁ! የላክሁልህን ሥጋ ስትመልስ ለድሃ ይሰጥልኝ ማለቱ ነው ብዬ ለሰው አውርቻለሁ!»

«ኢቃማዬ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ኢቃማህን የሚያየው መንዱቡ ነው! እኔ አንብቤው አላውቅም!»

ወረቀት አመላላሹ መንዱብ ስድስት ዓመት ትንፍሽ አላለም። እንዲህ ያለ አፍ በእኛ ሰፈር የለም።

ውብሸት የሚባረር መስሎት ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ መደርደሪያው ሥር ገብቶ አዲስ ፓምፕ አወጣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እዚያ ቦታ ማህበስ መግባት አልነበረበትም። ይሄን ግን የሚያደርስ ያስፈልጋል። ፒክአፑ ያለው መካ ነው።»

ቱርኪ ፓምፑን አየ፣ ነጭ ቶብ ቀሚሱን አየ፣ ፓምፑን አቅፎ መካ ሄደ። ሳይጨልም በቪዲዮ አየነው፤ ቱርኪ ራሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ መፍቻ ይዟል። ውብሸት «ወደ ግራ! የአንተ ግራ!» እያለ ይጮህበታል። ስድስት ዓመት የተጮኸበትን ሁሉ በአንድ ቀን መለሰ። የፈሰሰው ተጠርጎ፣ አየሩ ከቱቦው ወጥቶ እሳቱ ሲያያዝ አብዱረሺድ እጃቸውን ቧንቧ ሥር አድርገው ጮኹ፤ ተቃጥለው ነው። ማህበሱ ክፍት ሆኖ እንዲቀር እጀታው ተፈትቶ ኪሳቸው ገባ።

ዓርብ ቱርኪ መጣ። ቶቡ ተቀይሯል፤ ጠረኑ ግን የውብሸት ነው። የታደሰውን ኢቃማ ጠረጴዛው ላይ አኖረና አንድ ሳህን ፉል አጠገቡ አስቀመጠ።

«ዘይት ብቻ ነው፤ ቅቤ የለበትም። ባለ ምግብ ቤቱን ሦስቴ አስምዬዋለሁ» አለ። ሊወጣ ሲል ከበሩ ዞረ።

«ወገብህስ?»