ወንዱ ፓፓያ

ጎረቤቴ ወንዱን ፓፓያዬን ቆርጦ ጣለብኝ። ዛሬ ማለዳ ከአጥሩ በኩል የአበባ ሽታ ሲመጣ ነው ነገሩ እንደገና የቆጠቆጠኝ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ አሶሳ ዳር እኖራለሁ። ወርቅ ላጥብ መንጌ ወረዳ ሰንብቼ ስመለስ ዛፉ ተጋድሟል። ጎረቤቴ፣ በሰፈራ ከወሎ የመጣ ጎልማሳ፣ አጥሩን ተደግፎ ምስጋና ይጠብቃል።

«ሥራ ፈት ነበር እኮ» አለኝ። «አበባውን ከማንዠርገግ በቀር ፍሬ የለው። ገላገልኩህ።»

«ወንድ ነው፣ ጋሼ።»

«ወንድ ከሆነማ ምን ሊወልድ ነው?»

የሱም ሴቶች ፓፓያዎች የኔን ወንድ ነበር የሚጠብቁት። ብዙም ሳይቆይ የሁለታችንም ግቢ ፍሬ ሳይቋጥር አበባውን ያራግፍ ጀመር። እኔ የምኖረው በፓፓያ ነው፤ ወርቁ ሲገኝ ብቻ ነው ወርቅ። ሽማግሌ ሰበሰብኩበት።

«በቆረጥከው ምትክ ወንድ ታበቅላለህ» ብለው ፈረዱ። «እስኪያብብ ድረስ ከሰው ግቢ ወንዴ አበባ እየለመንክ የሱንም ሴቶች ትቀባለህ።»

ፓፓያ ግን ካላበበ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። የተከለው ሴት ሆነ። ደግሞ ተከለ፤ ሴት። አንዱን ፍየል በላው፣ አንዱ ውሃ ቆሞበት በሰበሰ፣ የተረፈው ሴት።

«ልጆቼም ሴት ብቻ ናቸው» ይላል። «እጄ ነው መሰል።»

እናም ዓመታት ሙሉ፣ አበባ በወጣ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ነጫጭ አበባ በኮፍያው ይዞ ይመጣል። እኔ መሰላሉን እይዛለሁ፤ እሱ የአበባውን ዱቄት ሴቶቹ ላይ እየቀባ ከላይ ያጉተመትማል።

«ዛፍ ስድር አረጀሁ። የንብ ሥራ አሠራኸኝ፣ ማሩ የታለ?»

ፍሬው ግን ሌላ ሆነ። ድሮ ነፋስና የእሳት እራት ዱቄቱን እንዳሻቸው ሲያደርሱ ግማሹ ይረግፋል፣ የቀረው ኮሳሳ ነው። እሱ የቀባው ከባድ፣ ሆዱ በጥቁር ዘር የተሞላ፣ ጣፋጭ። ገበያ ላይ ከኋላዬ ቆሞ «የእጄ ሥራ ነው» እያለ ይኩራራብኛል። የበደለኝ ሰው ነው እንግዲህ።

እኔ ጎልምሼ ፊደል ስቆጥር ስለ ፓፓያ የተጻፈ አገኘሁና እንዲያፍር ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦ አንድ ወንድ ለብዙ ሴት ይበቃል።

«ቀስ በል» አለኝ። «ሁለቱም ሚስቶቼ ቤት ናቸው።»

ባለፈው ክረምት ሞተ። የመጨረሻ ችግኙ አጥሬ ሥር ቀርቶ ነበር፤ ያው ሴት ነው ብዬ ዞር ብዬም አላየሁት። ዛሬ ሽታውን ተከትዬ ብሄድ፣ ረጃጅም ዘለላ አውርዶ በነጭ አበባ ተንዠርግጓል። ወንድ።

በልማድ መሰላሉን አውጥቼ አቆምኩ። ግራና ቀኙን ይዤ ጥቂት ጠበቅኩ፤ የሚወጣበት የለም።

ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ጉዳይ ያለቀው ዛሬ፣ በዐረፋ ማግስት ነው።