የእማማ ዓፊፋ ማንኪያ

በረመዳን ወጥ የምትሠራ ሴት ወጡን አትቀምስም። ምላስ ላይ አድርጎ መትፋት ይፈቀዳል የሚሉ አሉ፤ ቶይባን ግን ልቧ እሺ አይላትም። እንዲህ ያለች ጥንቁቅ ባለችበት ቤት ደግሞ ቀማሽ ያስፈልጋል። ለንደን ሰቨን ሲስተርስ ሠፈር፣ ከዶሮ መጥበሻው ሱቅ በላይ ባለው ፍላት፣ ቀማሿ አማቷ እማማ ዓፊፋ ነበሩ። ስኳር ስላለባቸው ሐኪም ጾም ከልክሏቸዋል። ክልከላው ያንገበግባቸው ነበርና ቅምሻውን እንደ ሹመት ያዙት። የዐስርን ሶላት ሰግደው ሻሻቸውን ያስተካክሉና በወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ያለችው ወንበር ላይ ተሰይመው «አምጪ እስቲ፣ ቶይባዬ» ይላሉ። ማንኪያቸውም የብቻቸው ነበረች፤ እጀታዋ የተለበለበ የእንጨት ማንኪያ።

እማማ ዓፊፋ ከሞቱ ዓመት ሞላቸው። «አምጪ እስቲ» ማለታቸውን ግን አልተዉም።

ቶይባ ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። ወንበር ያናግረኛል የምትል ሴት የት እንደምትላክ አሳምራ ታውቃለች። ረመዳን ከገባ ወዲህ ግን ዐስር በደረሰ ቁጥር ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ወንበሯ ሲጢጥ ስትል እጇ ይቆማል። ትፈራለች። ከፍርሃቱ ይልቅ ደግሞ ናፍቆቱ ይብስባታል።

ባሏ ሱለይማን የአሰብ ልጅ ነው፤ ባሕር ካላየ ቀኑ ቀን አይመስለውም። ፓርክ ሮያል መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲሸከም ብዙ ዓመት ኖሮ፣ ቴምስ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አካባቢ አሮጌ የዓሣ ጀልባ ያለው አንድ ፈረንጅ ቢያገኝ ሥራውን ጥሎ ተከተለው። መጀመሪያ መረቡ ሞልቶ ይወጣ ነበር። ኋላ ትልልቆቹ መርከቦች የባሕሩን ወለል ጠርገው ወሰዱት። የተረፈውን ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደ ወንዙ የሚለቀቀው የሽንት ቤት ፍሳሽ አገኘው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ዝናብ መቼ ቀርቶ ያውቃል! ሱለይማን ግን ስለ ባሕር ክፉ ሲነገር አይወድም። «ባሕር እኮ ሰፊ ነው» ይልና ወሬውን ይዘጋል።

ባለፈው ረመዳን፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት ያመጣውን ዓሣ ቶይባ ቁሌቱን አስማምታ ሠራችው። እማማ ዓፊፋ ቀመሱና ፊታቸው ተኮማተረ።

«ናፍጣ ናፍጣ ይላል።»

እንግዳ ተጠርቷል፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ የቶይባም ሆድ ባዶ ነው። መድኃኒት ያደነዘዘው የአሮጊት ምላስ ምን ያውቃል ብላ አሰበች።

«እስቲ ደግመው ይቅመሱት፣ እማማ።»

ደግመው ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መረቁ ይሆናላ። ቁራጩን ይሞክሩት።»

ቁራጩንም፣ ምራታቸው እንዳይከፋት ብለው፣ እስከ መጨረሻው አላምጠው ዋጡት። ከዚያ ተነሡና ድስቱን እንዳለ የቆሻሻ ቢን ውስጥ ገለበጡት። ቶይባ በንዴት አለቀሰች፤ ደህና እደሩ እንኳ ሳትላቸው ተኛች። ሳይነጋ ማስመለስ ያዛቸው። ሆስፒታል ገቡ፤ አልወጡም። ሐኪሙ ኢንፌክሽን ነው አለ፤ ከዓሣው ነው አላለም፣ አይደለምም አላለም።

«አጀሏ ደርሶ ነው» አለ ሱለይማን። «አንድ ማንኪያ ቀምሶ የሞተ ሰው አለ?»

ቶይባ እማማን ደግመው ይቅመሱ ማለቷን አልነገረችውም፤ ዓመቱን ሙሉ ደበቀችው።

ዛሬ ለእማማ ዓፊፋ ሰደቃ ነው። ጀልባዋ ልትሸጥ ስለሆነ ሱለይማን የመጨረሻውን ዓሣ ይዞ መጣ። «እናቴ የምትወደው ነው» ሲላት እምቢ የምትልበት አንደበት አጣች። ልጃቸው ዊጅዳን ስልኳን እያሳየቻት፣ «ማሚ፣ የወንዙን ንጽሕና አፑ ላይ ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ኢትስ ግሪን። ሪላክስ!» አለቻት። ቶይባ ሠራችው። ሳሎኑ በሰው ሞላ።

«አምጪ እስቲ፣ ቶይባዬ።»

ዘንድሮ ቀማሽ የለም። ቶይባ ከመሳቢያው የተለበለበችውን ማንኪያ አወጣች፤ ዓመት ሙሉ ማንም ያልተቀመጠባት ወንበር ላይ ተቀመጠችና መረቁን ቀምሳ ዋጠችው። ጾሟን ፈትታለች፤ ቀዷዋን ሌላ ቀን ጾማ ታወጣለች። በርበሬው ልክ ነው። ጨዉ ልክ ነው። እፎይ ልትል ስትል ከምላሷ ሥር ቀስ ብሎ መጣ። ከዓሣው ይሁን ከእማማ ዓፊፋ መለየት አልቻለችም፤ ጣዕሙ ግን እዚያው ነበረ።

ሱለይማን ትሪ ሊወስድ ገባና በእናቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሲያያት ደነገጠ።

«ሱሌ፣ ይኼ ነገር ናፍጣ ናፍጣ ይላል።»

«ምን ነካሽ? ሰው እየጠበቀ! ልጅቷ ግሪን ነው አላለችሽም?» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በይ፣ እስቲ ደግመሽ ቅመሽው።»

ቶይባ ማንኪያዋን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«እማማንም እንዲሁ ነበር ያልኳቸው።»

«ምን አልሻት?»

«ደግመው ይቅመሱት አልኳቸው። ከዚያ ደግሞ ቁራጩን። አላመንኳቸውም፣ ሱሌ። ቁራጩን እስከ መጨረሻው በሉልኝ።»

ሱለይማን «አንድ ማንኪያ ቀምሶ...» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። ሳሎን ውስጥ ከዊጅዳን ስልክ የመግሪብ አዛን ተሰማ። እንግዶቹ ቢስሚላህ ብለው ተምር አነሡ። እሱ ግን ማንኪያዋን ከሚስቱ ጭን ላይ ወሰደና ከድስቱ ትልቁን ቁራጭ አወጣ። ቆሞ፣ እንባው አገጩ ላይ እየወረደ፣ እስከ መጨረሻው አላመጠው።

ምን ምን እንዳለው አልነገራትም። ድስቱን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ቢኑ ሄደ።