አባቴ ያጠበቁት ብሎን

ማክሰኞ ከሰዓት... አንገቴን አሮጊቷ ፒክአፕ ሞተር ውስጥ ቀብሬ ብሎን እያጠበቅኩ ነበር። ነገሩ ዓመታት አልፈውታል፤ መካነ ሰላም ከተማ እያለን ነው። ትዝ ሲለኝ ግን ዛሬም ወገቤን ያመኛል።

ፒክአፗ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ዘይትና ውሃዋ መቀላቀል ስለጀመረ የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ ቴስታታ የሚሉትን፣ አውርጄ ከሥሩ ያለውን ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ቀየርኩ። እስከዚህ ሰላም ነው። መከራው መልሶ ማሰሩ ላይ ነው። አሥር ብሎን አለው። ከላላ ውሃው ይገባል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ብሎኑ ይበጠሳል። ልኩ ስንት ነው? እሱን ነው ያጣሁት።

ጊዜ ደግሞ የለኝም። አባቴ ሐሙስ ጠዋት ደሴ የዓይን ቀጠሮ አላቸው። ሐኪሞቹ ከሩቅ መጥተው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት፤ ያ ቀን ካመለጠ መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። አንዱ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፣ በሌላኛው ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የሚያዩት። እሳቸው ግን «በልጄ መኪና፣ ፊት ወንበር ተቀምጬ ነው የምሄደው» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል።

ልኩን ለማወቅ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። አንዱ መካኒክ «እጅህ ሲደክም አቁም» አለኝ። እጄ እኮ ከጀመርኩ ጀምሮ ደክሞታል! ሌላው «ብሎኑ ራሱ ይነግርሃል» አለኝ። ብሎኑ ምንም አልነገረኝም።

በመጨረሻ ደሴ ውስጥ ጋሽ ይመር የሚባሉ ጡረተኛ መካኒክ የመኪናዋ መጽሐፍ እንዳላቸው ሰማሁ። ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥቼ ደወልኩላቸው። ሦስቴ ተቋረጠ። በአራተኛው ድምፃቸው መጣ።

«ስምንት ተኩል ኪሎ ነው ልጄ። ከመሐል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር። አደራ፣ ተኩሏን እንዳትንቃት!»

መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ልኩ የሚሞላበት መፍቻም ከአንድ ጋራዥ ለምኜ ተዋስኩ፤ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። ሁለት ዙር በሰላም ጨረስኩ። በሦስተኛው ዙር አራተኛው ብሎን «ቀጭ» ሲል... ጎረቤታችን፣ የአንድ ለአምስት ጠርናፊያችን፣ አጥሩ ጋ ብቅ አለ።

«ሰይድ፣ ስብሰባ! አሥር ደቂቃ ናት!»

ያን ዘመን የኖረ ሰው ያቺ አሥር ደቂቃ ስንት እንደሆነች ያውቃታል። ስለ ዕቅድ አፈጻጸም ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰምቼ፣ እጅ አውጡ ሲሉ አውጥቼ፣ አውርዱ ሲሉ አውርጄ ተመለስኩ።

ስገባ አባቴ ፒክአፗ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። እግራቸው ሥር የእኔ ተራ መፍቻ ወድቋል... እጀታው ላይ አንድ ሜትር የሚሆን የብረት ቱቦ ተሰክቶበታል።

«መጣህ? አልሀምዱሊላህ፣ ጨርሼልሃለሁ።»

«ምኑን ነው የጨረሱት አባዬ?»

«ብሎኖቹን ነዋ! በጣቴ እየዳሰስኩ አገኘኋቸው። ወላሂ ልጄ፣ በቱቦው ስሞክራቸው ሁሉም ይዞራሉ፤ ላልተው ነበር። ዘጠኙን ጥርቅም አድርጌልሃለሁ። ይቺ አንዷ ብቻ ናት ያልቻለች።»

መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። የብሎን ራስ ነው። አንገቱ ላይ ተበጥሷል፤ ቀሪው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ተቀብሯል።

ቁጭ አልኩ። መጮህ አማረኝ፤ ግን መናደድም ለካ ጉልበት ይፈልጋል። የተበጠሰውን ቦርቡሮ የሚያወጣ ማሽን ያለው ደሴ ነው። ደሴ ለመሄድ ደግሞ ያለችኝ መኪና ይቺው ናት።

«አባዬ፣ ልክ አለው እኮ! ስምንት ተኩል!»

«ማጥበቅ ደግሞ ምን ልክ አለው?» አሉ ከልባቸው ገርሟቸው። «አርባ ዓመት አርሻለሁ። የማረሻ ሽብልቅ ስመታ "ይቺን ያህል ይበቃሃል" ብዬ አላውቅም። ያለ የሌለ ኃይሌን ነው የምሰጠው። የእኔ ማረሻ ቢወልቅ የሚወልቀው እርሻ ላይ ነው። ያንተ የሚወልቀው ግን ገደል አፋፍ ላይ ነው።»

ላባቸውን ጠረግ አደረጉና... «እኔስ ኖሬያለሁ። መሪውን የምትይዘው አንተ ነህ» አሉኝ።

ንዴቴ አልበረደም፤ የማወርድበት ሰው ግን አጣሁ። እጃቸውን ሳየው ቱቦው መዳፋቸውን ልጦታል። ውሃ አምጥቼ አጠብኩላቸው።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርን። ፊት ወንበር የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት ዶሮ የታቀፉ ሴትዮ አጠገብ፣ መጨረሻው መደዳ ላይ ነው የደረሰን። ቀጠሮው ላይ ደርሰናል፣ ጥላ ያይ የነበረው ዓይናቸውም ተሠርቷል... እሱ ሌላ ወሬ ነው። ከራሴ ያልወጣው ግን አቀስታን አልፈን የወረድነው ቁልቁለት ነው።

አውቶቡሱ ወደ ገደሉ ጠጋ ሲል አባቴ ጉልበቴን ጭብጥ አደረጉት።

«ልጄ... የዚህንስ ብሎን ማን ይሆን ያጠበቀው?»

«የሾፌሩ አባት» አልኳቸው።

«አልሀምዱሊላህ!» ብለው ትከሻዬ ላይ ደገፍ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ግን አባት ያጠበቀው ሞተር ምን እንደሚሆን አይቻለሁና... እስከ ደሴ ድረስ ዓይኔን አልከደንኩም።