ለማትሪክ ያነበብናቸው ልብ ወለዶች

ባለፈው ቅዳሜ ለአማቴ ጋቢ ልገዛ ሸማ ተራ ገብቼ፣ ሻጩ ከላይኛው መደርደሪያ አንዱን አውርዶ ሲዘረጋልኝ የናፍታሊኑ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እዚያው በቁሜ አፌ የእንግሊዝኛ ቃል መደርደር ጀመረ። ሌላው ሰው ሽታ ሲሸተው እናቱ ትዝ ትለዋለች፣ የወጣትነት ፍቅሩ ትዝ ይለዋል፤ እኔ ደግሞ ናፍታሊን በሸተተኝ ቁጥር ነገ ፈተና ያለብኝ ይመስለኛል። ሻጩ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ፣ "እትዬ፣ ዋጋው በዛብዎት እንዴ?" አለኝ። የጠራውን ሰጥቼው ወጣሁ። መርካቶ አድጋ ሳትከራከር የምትገዛ ሴት ደህና አይደለችም ማለት ነው፣ ልጁም ገባው መሰለኝ እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኘኝ።

የጋሼ ሸሪፍ ሱቅ እዚያው አካባቢ ነበረ። ዛሬ ፎቅ ወጥቶበታል፣ ምድር ቤቱ የሞባይል ቀፎና ቻርጀር ይሸጥበታል፣ እኔም የቱ ጋ እንደነበረ በትክክል ለማሳየት ብጠየቅ እሳሳታለሁ። ጋሼ ሸሪፍ የሙኒራ አባት ናቸው፤ ሙኒራ ደግሞ ከትንሽነታችን ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ። የኛ ቤት አማኑኤል ጀርባ፣ ወንድምና እህቶቼ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚተራመሱበት፣ አንዱ ሲያለቅስ አንዱ ሬዲዮ የሚከፍትበት ቤት ስለነበረ እንኳን ማጥናት ማሰብም አይቻልም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስንወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ፣ ከሱቁም ከጀርባ ወዳለችው ጠባብ እቃ ቤት እንገባና ናፍታሊን ናፍታሊን የሚሸተው የጋቢና የነጠላ ቁልል ላይ ወጥተን እንቀመጣለን። ለበዓል ሰሞን ቁልሉ እስከ ጣሪያ ስለሚደርስ አንገታችንን ሰብረን ነበር የምናነበው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። ማትሪክ ከፊታችን ተገትሯል። ጋሼ ሸሪፍ ለሙኒራ ቁርጡን ነግረዋታል፤ እኔ ፊት ነው የነገሯት፣ ምስክር እንድሆን ይሁን አላውቅም። "ካለፍሽ ዩኒቨርሲቲ ነሽ፤ ሻንጣሽን ራሴ ተሸክሜ አደርስሻለሁ። ካላለፍሽ ግን፣ ልጄ፣ የወልቂጤዎቹን ሰዎች ከዚህ በላይ ማስጠበቅ ነውር ይሆንብኛል።" የወልቂጤዎቹ ሰዎች ሙኒራን ለልጃቸው ጠይቀው መልስ የሚጠባበቁ ነጋዴዎች ናቸው። ልጁ መልከ ቀና ነው ይባላል፣ ሙኒራ ግን መልኩን አልጠየቀችም። አስተማሪ መሆን ነበር የምትፈልገው፤ ጠመኔ በእጇ ይዛ ሰው ፊት መቆም። ጋሼ ሸሪፍ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ቃል ካወጡ የማያጥፉ ሰው ነበሩ፣ ያ ነው ጣጣው።

ሂሳቡ አያስቸግራትም፤ ሱቅ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት። እንግሊዝኛው ነበር ያስፈራን። አስተማሪያችን፣ "ቃላት የላችሁም! ባዶ ናችሁ! ልብ ወለድ አንብቡ!" እያሉ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። ከየት አምጥተን? አውቶቡስ ተራ በር ላይ፣ መኪና ለሚጠብቅ መንገደኛ አሮጌ መጽሐፍ ላስቲክ ላይ ዘርግቶ የሚያከራይ ሰው ነበረ። እንግሊዝኛዎቹን ማንም ስለማይነካቸው ለኛ በርካሽ ይለቅልናል። ሽፋን የላቸውም፣ አንዳንዱም መጀመሪያ የለውም። ወደ መሀል የተገነጠለ ሲገኝ ደስታችን ነው፤ አንዳችን የፊቱን፣ አንዳችን የኋላውን ይዘን እንቀመጥና ስንጨርስ እንቀያየራለን። ስንቱን ታሪክ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ ኋላ አነበብኩት! ሰውየው ተቀብሮ ሳለ ሲያገባ ደርሼበት አውቃለሁ።

ሕጉን ያወጣችው ሙኒራ ናት፤ ታሪኩ ሳያልቅ ዲክሽነሪ መክፈት ክልክል ነው። "ሰው አዲስ ሰፈር ሲገባ ጎረቤቱን በመዝገብ ነው የሚያውቀው? አብሮ እየዋለ ነው እንጂ!" ትለኛለች። እውነቷን ነበር። ሪላክታንትሊ የሚለውን ቃል ያወቅነው እንደዚያ ነው፤ አንዱ ሰውዬ ከሚወዳት ሴት ቤት ልቡ ሳይፈቅድ ሲወጣ፣ በሩ ጋ ደርሶ ሲመለስ፣ እንደገና ሲወጣ። ሙኒራ ቀና ብላ ወደ ሱቁ ስታይ አንዲት ሴትዮ ነጠላ ተከራክራ፣ "በቃ ይቅርብኝ" ብላ እየወጣች ነው፤ ስትወጣ ግን እግሯ አይነሳም፣ ጥሩኝ ጥሩኝ ይላል። "አባ፣ ሪላክታንትሊ ነው የምትሄደው!" አለች ሙኒራ። ተስቆ ተስቆ ነገሩ ለጋሼ ሸሪፍ ተብራራላቸው። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! ገዢ ተቆጥቶ በወጣ ቁጥር ለሠራተኛው በዓይናቸው እየጠቀሱ፣ "ተዋት፣ ሪላክታንት ናት፣ ትመለሳለች" ይላሉ፤ ትመለሳለችም። ቃሉ ሸማ ተራን ተሻግሮ ሌላ ተራ ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ፈተናው እየቀረበ ሲመጣ እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ከውጭ ተሸካሚዎቹ "ዞር በል! ዞር በል!" ይላሉ፣ የአውቶቡስ ረዳት ያገር ስም ይጣራል፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ እየሄደ እኔ ብቻ ጥጥ ላይ ተጎልቼ የቀረሁ ይመስለኛል። ገጹን በጣቴ እየሮጥኩበት የማላውቀውን ቃል ብቻ መልቀም ጀመርኩ። ታሪኩን ተውኩት። ማን ከማን ጋ ተጣላ፣ ማን ሞተ፣ ጉዳዬ አልነበረም፤ ቃሉን ነጥቄ ወደሚቀጥለው። ሙኒራ ታብዳለች። "አንቺ ብርቄ፣ ሰውየው ደሙ እየፈሰሰ አንቺ ቃል ትለቅሚያለሽ? አፈር ብይ!" እኔም፣ "ሰውየው ለማትሪክ አይቀመጥልሽም!" እላታለሁ። እሷ አንድ ገጽ ላይ ተክዛ ስትቀር፣ አንዳንዴም እንባዋን በጋቢ ጫፍ ስትጠርግ፣ እኔ መጽሐፉን ጨርሼ ሌላ ልከራይ ወጥቻለሁ።

የእንግሊዝኛው ፈተና ላይ ለንባብ የቀረበው ጽሑፍ ከአንድ ልብ ወለድ የተቆረጠ ነበር። ይሄን ያወቅኩት ግን ከሙኒራ ነው። እኔ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን አየሁ፣ ከዚያ መልሶቹን ከጽሑፉ ለቀምኩ፣ አጠቆርኩ፣ አለፍኩ። ስንወጣ ግቢው በር ላይ ይዣት፣ "ያቺ ሁለተኛዋ ሲ ነች አይደል?" እላታለሁ፣ እሷ ግን አትሰማኝም፤ ፊቷ ቀልቷል፣ ዓይኗ ያበራል። "ልጅቷ ትመጣለች ብለሽ ነው?" አለችኝ።

"የቷ ልጅ?"

"ሽማግሌው ባቡር ጣቢያ የሚጠብቃት ነቻ! ባቡሩ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ እዚያ ላይ ቆረጡት እኮ! እስቲ አሁን ይሄ ደግ ነው? ማን እንደሚወርድ ፍንጭ ካለ ብዬ እንደገና ከላይ ጀመርኩት፣ እንደገና ሦስተኛ..." አለችና ወደ ፈተና ክፍሉ ዞረች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ሰዓቱ አልቆ ወረቀቱን ሲሰበስቡባት ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹን አልነካችም ነበር። እኛ ቃል የምናጠናበት መንገድ፣ ታሪክን አብሮ እየዋሉ ማወቅ፣ እሷን እዚያው ጣቢያ አስቀራት።

ውጤቱ ሲመጣ በጥቂት ነው የወደቀችው፣ በእንግሊዝኛው ብቻ። ጋሼ ሸሪፍ ሲሰሙ አልተቆጡም፤ በጠራራ ፀሐይ ሱቃቸውን ዘጉ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጡና ቆባቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን ዳበሱ። ለወልቂጤዎቹ ግን ቃል ወጥቷል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሙኒራ ወልቂጤ ገባች። ሻንጣዬን የተሸከሙልኝ ጋሼ ሸሪፍ ናቸው፤ ስንለያይ፣ "በርቺ ልጄ" ብለው አንዴም ዞረው ሳያዩኝ ተመለሱ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል አልቅሼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወቴ ሪፖርት ነው። ሪፖርት አነባለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ያስመሰግነኛል። ልብ ወለድ ስጀምር ዓይኔ እንደ ልማዱ ይሮጣል፣ ገጹ ያልቃል፣ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ጡረታ ወጥቼም አልቆመልኝም። ሙኒራ ልጆች ወልዳ አሳድጋለች፤ ባሏ ደህና ሰው ነው፣ በየበዓሉ እንደዋወላለን። ዘንድሮ ለኢድ እንኳን አደረሰሽ ልላት ስደውልላት ከጀርባዋ ሳቅና ጫጫታ እሰማለሁ። የልጅ ልጆቿ ናቸው።

"አሁንም ያንኑ አምጪ እያሉ ነው የሚያስቸግሩኝ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"የባቡሩን ነዋ! ልጆቼን በሱ ነው ያሳደግኳቸው። በጠየቁኝ ቁጥር ሌላ ሰው ነው የማወርደው። አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ሟች ሚስቱን፣ አንዴ ማንም ያልጠበቀውን ሰው። እነሱም የየራሳቸውን ያወርዳሉ፣ ይጣሉበታል።" ሳቀች፤ ሳቋ ያው የድሮው ነው። "እስቲ ንገሪኝ ብርቄ፣ ጠይቄሽ አላውቅም፤ አንቺ ያን ቀን ማንን አወረድሽ?"

የዚያን ጽሑፍ ጥያቄዎች አንድም ሳልስት ነበር የመለስኩት።

"ማንንም" አልኳት።