የዓሣ አንጀት በልጆች መጫወቻ

ማርኒ ሻርማን ያደገችው በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ ኢንግሃም በምትባል የሸንኮራ አገዳ ከተማ ነው። አባቷ የአገዳ ባቡር ነጂ ነበር። እሑድ እሑድ ልጆቹን ሰብስቦ ባሕር ዳር ይወስድና አዞ እንዳይነጥቃቸው ከውሃው ራቅ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፤ ከእሱ ቀድሞ ወንዝ ባሕር ወደሚገባበት የሮጠ ልጅ ጆሮው ተይዞ ይመለሳል። በኋላ ዳረንን አግብታ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቱውምባ ደጋ ወጣች፤ እዚያም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ሆነች። የስድስት ዓመቷ ፐርልና የሦስት ዓመቱ ኦቲስ እናታቸው ያደገችበትን ባሕር አይተውት አያውቁም ነበር።

«ዓመቱን ሙሉ የሰው ልጆች ሳመላልስ ከርሜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ የራሴን ልጆች ላዝናና እንጂ» ብላ ዳረንን ወጥራ ያዘችው። እሱም ተሸነፈ። ከአጎቱ አሮጌ ተጎታች ቤት ተዋሱ፤ ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከመኪናቸው ጀርባ አስረው ወደ ሰሜን ነጎዱ።

መንገዱ ፈተና ነበር። ልጆቹ በአንድ መስኮት ተጣሉ። ኦቲስ የበላውን መንደሪን ሁሉ በእናቱ ትከሻ ላይ መለሰው። ማርኒ ግን አልተማረረችም፤ የአገዳው እርሻ በግራና ቀኝ ሲከፈትና የባሕሩ ሽታ በመስኮት ሲገባ እንደ ልጅ ደስ አላት።

ከካርድዌል ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት የመንገደኞች ድንኳን ሰፈር ላይ አረፉ። ገና ወንበር ሳይዘረጉ ልጆቹ ጀልባ ከሚወርድበት የሲሚንቶ መንገድ አጠገብ አሸዋ መቆፈር ጀመሩ። እዚያው ጎን ሜርቭ የሚባል ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ ዓሣ እየበለተ ነበር። ጭንቅላቱንም አንጀቱንም ባልዲ ውስጥ አጠራቅሞ ወደ ውሃው ደፋው። ከጀርባው አፉን የከፈተ አዞ የተሳለበት ማስጠንቀቂያ ቆሟል።

«ይቅርታ ጌታው» አለችው ማርኒ። «የዓሣ አንጀት እዚህ አይጣልም። ልጆች አሉ።»

ሜርቭ ቀና አላለም። «ሃያ ዓመት ሙሉ እዚሁ ስደፋ ኖሬያለሁ። አንድም አዞ መጥቶ ሰላም ብሎኝ አያውቅም።»

«ማስጠንቀቂያው ከጀርባዎ ነው እኮ።»

«እሱ ለእንግዳ ነው የኔ እመቤት። ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከቱውምባ።»

ሜርቭ አጠገቡ ወደተቀመጠው ጓደኛው ዞረ። «ሰማህ? ደገኛ መጥታ ስለ አዞ ልታስተምረን ነው።» ሁለቱም ሳቁ። እዚሁ አቅራቢያ ኢንግሃም መወለዷን ልትነግረው አፏን ከፈተችና ተወችው። ልጆቹን በሁለት እጇ ጎትታ ሄደች።

ዳረን ቋሊማ እየጠበሰ ነበር። «ተይው ባክሽ፣ ሽማግሌ ነው» አላት። «ለዕረፍት ነው የመጣነው።» ከሽማግሌው ሳቅ ይልቅ ይሄ «ተይው» አንገበገባት። ወደ ሰፈሩ ኃላፊ ሄደች። ሴትዮዋ ደግሞ «ሜርቭ እኮ የቆየ ደንበኛችን ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም» አለቻት።

«ክፉ ነው መቼ አልኩ?» አለች ማርኒ። «አንጀት ደፋ ነው ያልኩት።»

በማግስቱ ከሰዓት ባሕሩ ሞልቶ የሲሚንቶውን መንገድ ግማሽ ሸፈነው። ሜርቭ እንደ ልማዱ ባልዲውን ደፋ። የልጁ ልጅ ዊኒ፣ ፐርልን የምታክል ናት፣ መንገዱ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ መጫወቻ ባልዲዋን ታጥባለች። ማርኒ ከተጎታች ቤቱ ደጃፍ ልብስ እያሰጣች ነበር። ነፋስ የለም፤ ውሃው ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ዕብጥ አለ። ሸሚዙን ጥላ ሮጠች። ልጅቷን በብብቷ ይዛ ወደ ላይ ስትጎትታት የዊኒ ጉልበት ሲሚንቶ ላይ ተላጠና ልጅቷ ጮኸች።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴት» አለ ሜርቭ ቢላውን እንደያዘ። «ልቀቂያት ልጅቷን።»

ቃሉን ሳይጨርስ አዞው እስከ ሆዱ ድረስ ሲሚንቶው ላይ ወጣ። ዊኒ የነበረችበት ቦታ ላይ የወደቀውን የዓሣ ጭንቅላት ጎረሰና ጉሮሮውን ሁለቴ ነቅንቆ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። መጫወቻው ባልዲ ብቻ ተንሳፍፎ ቀረ።

 ከዚያ ሜርቭ «ከዚህ በፊት መጥቶ አያውቅም» አለ።

«አንተ ነህ የጠራኸው» አለች ማርኒ። እርስዎ ማለቱ ከአፏ ጠፍቶ ነበር። «በየቀኑ ምሳ እያቀረብክለት ለምን ይቀራል?»

ሽማግሌው የዊኒን እግር ጎንበስ ብሎ አየ። «ጉልበቷን ላጥሽው» አላት። ልጅቷን አቅፎ ሄደ።

በማግስቱ የዱር እንስሳት ጠባቂ መጣ። የጀልባውን መንገድ ዘጋ፤ ወንዙ ዳር የአሳማ ሥጋ የተንጠለጠለበት የብረት ወጥመድ አቆመ። አዞው ሰው መልመዱ ስለታወቀ፣ ሲያዝ ወደ አዞ እርባታ ተወስዶ ዕድሜውን አጥር ውስጥ እንደሚጨርስ አስረዳ።

«ሰውየውስ?» አለች ማርኒ።

«አነጋግረነዋል።»

«ምን አለ?»

«እጠነቀቃለሁ ብሏል።»

ማርኒ ወደ ሜርቭ ድንኳን አየች። በጥላው ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

ዳረን ተጎታች ቤቱን ከመኪናው ጋር አቆላልፎ ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ ሳትጠይቀው፣ ወደ ሽማግሌው ሄደ። ድምፁ በመስኮት ይሰማታል። «ሚስቴ የልጅ ልጅህን ከአዞ አፍ አወጣችልህ። አንዲት አመሰግናለሁ አጣህላት?» ሜርቭ የመለሰው አልተሰማም። ዳረን ፊቱ ቀልቶ ተመለሰ።

«ነገርኩት» አላት።

«ሰማሁ። የመጀመሪያው ቀን አብረኸኝ ብትቆም ኖሮ ጥሩ ነበር።»

«ልክ ነሽ» አለ ዳረን፤ ለመከራከር አልሞከረም። መሪውን እሷ ያዘች።

ወደ ሰሜን ቀጥለው ኢኒስፌይል ከተማ አደሩ፤ ጠዋት መንገድ ሲጀምሩ ለጠባቂው ደወለች። አዞው ሌሊት ተይዟል፤ ትልቅ ወንድ ነው አላት። ስልኩን ስትዘጋ ፐርል ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተሳበች።

«እማዬ፣ አዞው ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

«ምንም አላጠፋም» አለች ማርኒ። «የሰጡትን በላ።»

«ታዲያ ሽማግሌውን ለምን አላሰሩትም?»

ዳረን ሚስቱን አያት። ማርኒ የመኪናውን ፍጥነት ቀንሳ አገዳ የጫነውን ባቡር አሳለፈችና መንገዷን ቀጠለች።